ዳፍንትና የዓይን ደም ስሮች፦ ከኢብኑል ሀይሠም እስከ ዛሬው ካሜራ

 

ኢብኑል ሀይሠም እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ በበስራ ተወለደ፤ ትልቁን «ኪታቡል መናዚር»ንም ጻፈ። ከእርሱ በፊት ብዙ ሊቃውንት «የምናየው ከዓይን ጨረር ወጥቶ ነው» ይሉ ነበር። እርሱ ግን ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ አስረዳ። ስሙን ስናነሳ እንኮራለን። ጥያቄው ግን እዚያ አላበቃም፦ ብርሃን ወደ ውስጥ ከገባ የዓይን ብሌን ለምን ጥቁር ሆኖ ይታየናል?

መልሱ ከ800 ዓመታት በላይ ቆየ። ከዓይን የሚመለሰው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ፣ ለማየት ጠጋ ስንል የራሳችን ጭንቅላት ይጋርደዋል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ መስታወት አጋድሞ ብርሃኑን ወደ ዓይን ላከ፤ በዚያው መስታወት አሻግሮም ተመለከተ። መሣሪያውን በ1851 ይፋ አደረገ። የሕያው ሰው ደም ስር ያለ ቢላ ታየ!

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች በዘር የሚተላለፍ ዳፍንት ያለባቸውን ሰዎች መረመሩ። በሬቲና ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የቀጠኑ ደም ስሮችም አገኙ። ሆላንዳዊው ዶንደርስ በሽታውን ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ አለው። ከ4000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። መጀመሪያ የማታ እይታ ይደክማል፤ ከዚያ የጎን እይታ እየጠበበ ይሄዳል።

በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች፣ በክንድ የተወጋ ቀለም በዓይን ደም ስር ሲያልፍ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ዛሬ ደግሞ ያለ ቀለምም ማየት ይቻላል። ማሽኑ አንዱን ቦታ ደጋግሞ በብርሃን ያነሳል፤ ሥጋው ባለበት ሲቆይ ደሙ ይንቀሳቀሳል፤ ከልዩነቱ የደም ስሮቹ ካርታ ይሠራል። ሐኪሙም የትኞቹ ቀጫጭን ስሮች እንደሳሱ ይከታተላል።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ሲመሽ የሚደናቀፍ ልጅ በየሰፈሩ አለ። «ቀልበ ቢስ» ይባላል፤ ወይም «ዐይን በልቶት ነው» ተብሎ ዓመታት ያልፋሉ። ዳፍንት በቫይታሚን ኤ እጥረት ከመጣ በቶሎ ይታከማል። በዘር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ እናትና አባት ሁለቱም ሳያውቁት ተሸክመውት ይገኛሉ፤ ያኔ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም እድሉ ከአራት አንድ ነው። እናትን ብቻ መውቀስ በደል ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ እድሉ ስለሚጨምር፣ በቤተሰቡ ዳፍንት ያለ ሰው ከኒካሕ በፊት ሐኪም ያማክር።

በ2017 አርፒኢ65 በተባለው ጂን ጉድለት ለሚመጣው ዓይነት የጂን ሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚሠራው ግን ያልሞቱ ሕዋሳት ሲኖሩ ነው። ስለዚህ ልጁን ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ዱዓው ይቀጥል፤ ምርመራው ግን አይዘግይ።

ወላሁ አዕለም።