መስመር በሌለበት የተፈተሹ ገጾች

መርሳ ላይ ኮምፒውተር ሳስተምር ተማሪ ገጹን ኢንተርኔት ላይ እንዲጭን ከመፍቀዴ በፊት በገዛ ማሽኑ አቁሞ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ይህን ልማድ ያመጣሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በወልድያና በሐብሩ ወረዳ ድረ ገጽ የሠራ ብዙ ሰው ሥራውን የጨረሰው የኢንተርኔት መስመር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ታሪኩ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

በዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽም እንዲሁ ነበር የተወለደው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ማብቂያ ጄኔቭ አጠገብ ባለው የምርምር ማዕከል ሰርን ሲሠራ፣ ገጹን የሚያቀርበው ሰርቨርም ገጹን የሚያሳየው ብሮውዘርም ጠረጴዛው ላይ ባለች አንዲት ኔክስት ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ። የውጭው ዓለም የተጋበዘው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

በአገራችን ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው ጥር 1989 አዲስ አበባ ላይ ነው። ወደኛ ሲደርስ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በደቂቃ እየተቆጠረ የሚከፈልበት ነገር ሆኖ መጣ። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገጽ የሠራ ሰው ፋይሉን መጀመሪያ በፍሎፒ፣ በኋላ በፍላሽ ይዞ ሚኒባስ ይሳፈራል። ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፎቶው ቤት ውስጥ ይቀነሳል፤ ሊንኩ አንድ በአንድ ይነካካል፤ ካፌ ገብቶ ስህተት መፈለግ ገንዘብ መበተን ነበርና።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ግን ፊደሉ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደርበው ያስቀምጡት ነበር። አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስላለው፣ አንዳንዶቹ ሁለት ፋይል ሆነው ተከፍለዋል። እንዲህ የተጻፈ ገጽ በሠራው ሰው ማሽን ላይ ያምራል፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ነው። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ጽሑፉን በሥዕል መልክ ወይም በፒዲኤፍ ይለጥፉ ነበር። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ በአንድ ሥርዓት እንዲጻፍ ለዓመታት ለፍተዋል፤ ምስጋናቸው ገና አልተከፈለም። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ እኛ ጋ ግን ኤክስፒ የጫኑ ማሽኖች ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል።

በገዛ ማሽን ላይ መሞከር ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማረን ያ ዘመን ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለት ማሽን ይታይ ጀመር፤ ገጹ የተሠራበት አንዱ፣ ምንም ያልተጫነበት ሌላው።

ዛሬም ተማሪ «ቲቸር፣ እኔ ጋ ይከፍታል!» ይለኛል። ፋይሉን ሁለቴ ነክቶ ስለከፈተው ነው። በዚያ መንገድ ሲከፈት ብሮውዘሩ የሚያነበው በቀጥታ ከዲስኩ ነው፤ የፎቶው አድራሻ ከሲ ድራይቭ ቢጀምርም ይታያል። በዓለም ላይ ግን ያ ሲ ድራይቭ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሌላም አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው፣ ልጆቻችን በፋይል ስም ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል ልብ አይሉትም። ዊንዶውስም አይለየውም። አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል፤ ገጹ በተጫነ ማግስት ፎቶው ይጠፋል። ይህ የኛ ልጆች ስንፍና አይደለም፤ አስተማሪ አስቀድሞ ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነው።

የሲ ድራይቩን ዓይነት ስህተት ለማጋለጥ ነው በገዛ ማሽን ላይ የሚሠራ ሎካል ሰርቨር የማስነሳው። ዛምፕ የሚባለው የሰርቨር ጥቅል እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣ ጀምሮ ብዙ ሰው የተማረው በሱ ነው። ፒኤችፒም ዳታቤዝም ለሌለው ተራ ገጽ ግን ፓይተን በአንድ መስመር ትእዛዝ ሰርቨር ያስነሳል፤ ብሮውዘሩ ላይ 127.0.0.1 ብሎ ከነፖርቱ መጻፍ ነው። ያ ቁጥር ከማሽኑ አይወጣም፤ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ኢንተርኔት አለመፈለጉ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና አካባቢዋን ሲይዝ መብራትም ስልክም አልነበረም፤ ያኔ ስለ ገጽ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ነፍስ ነበር የሚታሰበው። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ መብራት በነበረ ቀን ማስተማሩ ቀጠለ። የስልክ ሆትስፖት ዳታ ባይኖርም ላፕቶፕንና ስልኮችን ያገናኛል። ሰርቨሩ ላፕቶፑ ላይ ይነሳል፤ ተማሪዎች በየስልካቸው በ192.168 የሚጀምረውን አድራሻ ይጽፋሉ። አንዱ የሠራውን ገጽ ክፍሉ በሙሉ በትንሽ ስክሪን አየው፤ ከስክሪኑ ጠርዝ የሚያልፈው ጽሑፍ፣ የማይነካው በተን፣ ሁሉም ተገለጠ። ስለ ግራና አካባቢ ማንጎና ስለ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ዝርያዎች የተሠሩ ገጾች ኢንተርኔትን ሳያዩ ተነበቡ፣ ታረሙ።

መስመሩ ሲመለስ ጊትሀብ በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ተጫኑ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ፎንቱ ከኢንተርኔት እየተሳበ እንዳይመጣ። አቢሲኒካን የመሰለ ነጻ ፎንት ከገጹ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል፤ ዳታው ተዘግቶ፣ የብሮውዘሩ ካሽ ጸድቶ ገጹ በሆትስፖት በሌላ ሰው ስልክ ይከፈታል። ሀ እና ሐ በትክክል ከወጡ ይጫናል።