የዘንዶ በር ማደሪያ፤ አንድ ግፍ በሁለት ፊልም

ፊልም እንደ ታሪክ መጽሐፍ የሚታመን ምስክር አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ የማያነበው ብዙ ሕዝብ ያለፈውን ዘመን የሚያውቀው ከሲኒማ አዳራሽ ስለ ሆነ፣ ፊልም የሞቱትን ሰዎች እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውሳቸው መመርመር የታሪክ ጸሐፊም ሥራ ነው። በተለይም አንድ የታወቀ ፊልም ከብዙ ዓመት በኋላ በሌሎች እጅ እንደገና ሲሠራ፣ ከፊተኛው ምን እንደ ተጠበቀና ምን እንደ ተጣለ ማየት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ኪንግ ሁ በ1967 ያዘጋጀው «የዘንዶ በር ማደሪያ» እና በ1992 ሬይመንድ ሊ አዘጋጅ፣ ሹይ ሀርክ ፕሮዲዩሰር ሆነው ያወጡት «አዲሱ የዘንዶ በር ማደሪያ» ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱም ፊልሞች ምንጭ በቻይና ታሪክ የታወቀ አንድ ግፍ ነው። በ1449 የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ጀንግቶንግ፣ ዋንግ ጀን በተባለው ጃንደረባ ምክር ተገፋፍቶ፣ ኦይራት የተባሉትን ሞንጎሎች ለመውጋት ራሱ ዘመተ። ቱሙ በተባለው ስፍራ ሠራዊቱ ተደመሰሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተማረከ። ወሬው ቤጂንግ በደረሰ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። በኋላ ሹ ዮውዠን ተብሎ የታወቀው ሹም ዋናው ከተማ ወደ ደቡብ እንዲዛወር መከረ። ዩ ቺየን የተባለው የሃንግዡ ተወላጅ ግን ከተማውን ለቅቆ መሸሽ መንግሥቱን አሳልፎ መስጠት ነው ብሎ ተቃወመ። ወዲያውም የጦር ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። የምርኮኛው ንጉሥ ወንድም በዙፋኑ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ጠላት ንጉሡን በመያዣነት ይዞ አገሩን ለማስገበር የነበረው ተስፋ መነመነ። የኦይራቶቹ መሪ ኤሰን ቤጂንግን ቢከብባትም ሊይዛት ሳይችል ተመለሰ። በ1450 ምርኮኛው ንጉሥ ተለቅቆ አገሩ ገባ፤ ነገር ግን ዙፋኑ በወንድሙ ተይዞ ስለ ነበረ በደቡቡ ቤተ መንግሥት ተዘግቶ ሰባት ዓመት ያህል ኖረ።

በ1457 ወንድሙ በጠና ታመመ። በዚህ ጊዜ ሹ ዮውዠን፣ የጦር አለቃው ሺ ሀንግና ጃንደረባው ጻኦ ጂሺያንግ ተማክረው በሌሊት ተነሡና የቀድሞውን ንጉሥ ወደ ዙፋኑ መለሱት። ዩ ቺየንም ወዲያው ታሰረ። የቀረበበት ክስ ሌላ ልዑል ለማንገሥ አስቧል የሚል ነበር። እንግዲህ የተከሰሰው በሠራው ሥራ ሳይሆን አስቦታል በተባለ አሳብ ነው። ንጉሡ የሰውየውን ውለታ አስታውሶ ቢያመነታም፣ ሹ ዮውዠን ይህ ሰው ካልሞተ እኛ ያደረግነው ሁሉ ምክንያት ያጣል ብሎ አስረዳውና ዩ ቺየን ተገደለ። ቤቱ በተወረሰ ጊዜ ትርፍ ሀብት አልተገኘበትም። አንዲት ክፍል ብቻ በብርቱ ተቆልፋ ተገኘች፤ ስትከፈትም በውስጧ የነበረው ከንጉሥ የተሸለመው ልብስና ሰይፍ ነበር። ልጁ ዩ ሚየንም ሎንግመን፣ ትርጓሜውም «የዘንዶ በር» ወደ ሆነው የጠረፍ ጦር ሰፈር ተጋዘ።

የኪንግ ሁ ፊልም የሚነሣው ከዚህ ነው። ሚኒስትሩ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ ዘንዶ በር ይጋዛሉ። ጻኦ ሻኦቺን የተባለው ጃንደረባም ዘሩ እንዳይቀር ገዳዮች ልኮ፣ በጠረፉ ባለች አንዲት የመንገደኛ ማደሪያ እንዲያደቡ ያዛል። የጃንደረባው ስም የፈጠራ ይሁን እንጂ የሚያዝዘው መሥሪያ ቤት በእርግጥ የነበረ ነው። «ምሥራቃዊው ጽሕፈት ቤት» የተባለው ይህ የስለላ መሥሪያ ቤት በ1420 ተቋቁሞ በጃንደረቦች እጅ ይመራ ነበር። በማደሪያው ውስጥ ግን ገዳዮቹ ያልጠረጠሩት ነገር አለ፤ የማደሪያው ባለቤት የሟቹ የቀድሞ የጦር ባልደረባ ነው። አንድ ብቸኛ ሰይፈኛ፣ እንዲሁም አንድ ወንድምና እኅት ተጨምረው ልጆቹን ለማዳን ይተባበራሉ።

ኪንግ ሁ ቤጂንግ ተወልዶ ያደገ ሰው ነበር፤ በ1949 ወደ ሆንግ ኮንግ መጣ። ይህንን ፊልም የሠራው ታይዋን ውስጥ ሲሆን፣ አሠራሩን ከቤጂንግ ኦፔራ ወስዶታል። ውጊያው እንደ ጭፈራ ልክና ምት አለው፤ ከውጊያው ይልቅ ግን የሚያስጨንቀው ከውጊያው በፊት ያለው ዝምታ ነው። ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በትሕትና ይነጋገራሉ፤ የሚቀርበው መጠጥ ግን መርዝ ያለበት ነው። ባለ ሥልጣን ሁሉ ሰላይ በሆነበት ዘመን ሰው እንዴት እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ መግለጫ አይገኝም።

ከ25 ዓመት በኋላ የተሠራው ፊልም የነገሩን አጥንት ይዞ ሥጋውን ለወጠ። ማደሪያዋ በበረሃ አሸዋ ላይ ተተከለች፤ ፊልሙም የተነሣው በቻይና ሰሜን ምዕራብ በዱንሁዋንግ አካባቢ ነው። የማደሪያው ባለቤት ማጊ ቼንግ የተጫወተቻት ጂን ሺያንግዩ ሆነች። ይህች ሴት ለማንም ያልወገነች፣ ከሁሉም የምትነግድ፣ ባለጌ ቀልድ የምታውቅ፣ በወጥ ቤቷም የሰው ሥጋ እስከ መሸጥ የደረሰች ናት። ብሪጂት ሊን፣ ቶኒ ሊዩንግ ካ ፋይና ዶኒ የን ሌሎቹን ዋና ዋና ሰዎች ተጫውተዋል። የውጊያው ፍጥነት ዓይንን ያዞራል፤ የፊተኛው ፊልም ዝምታ በዚህኛው የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የስም ለውጥ ነው። በ1967ቱ ፊልም የተገደለው ሚኒስትር ዩ ቺየን ተብሎ በስሙ ይጠራል። በ1992ቱ ግን ያንግ ዩሹዋን የሚባል፣ ታሪክ የማያውቀው የፈጠራ ሰው ተተካበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ የተሰወረበት ግፍ በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ግፍ ይሆናል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ነጻነት ነው። ለሟቹ ግን ሁለተኛ ሞት ነው፤ ቤጂንግን ያዳነው ሰው ከገዛ ታሪኩ ወጣ ማለት ነውና።

ይሁን እንጂ አዲሱ ፊልም የጨመረው ነገር እንዳለ መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በፊተኛው ፊልም የማደሪያው ባለቤት ከመጀመሪያው የሟቹ ወገን ነው፤ ልቡ የተቆረጠው ፊልሙ ሳይጀምር ነው። ጂን ሺያንግዩ ግን ለሟቹ ምንም ውለታ የለባትም። ስደተኞቹን ብትሸጥ ታተርፋለች፤ ብትሸሽግ ቤቷን ታጣለች። በመጨረሻ ከእነርሱ ጋር ወግና ማደሪያዋን በገዛ እጅዋ አቃጥላ ትሄዳለች። በግፍ ዘመን ታማኙ ሰው ምን እንደሚያደርግ የፊተኛው ፊልም ነግሮናል፤ የኋለኛው ደግሞ ትርፉን ብቻ ሲቆጥር የኖረ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ጠይቋል። አብዛኛው ሰው የሚገኘው ከሁለተኛው ወገን ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ እጅግ የከበደ ነው።

ሁለቱም ያላሳዩት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ግፉ በእውነት እንዴት እንደ ታረመ ነው። ግፈኞቹ የወደቁት እርስ በርሳቸው ነው። ሹ ዮውዠን በባልንጀሮቹ ተንኮል ተሻረ፤ ሺ ሀንግ በ1460 በእስር ቤት ሞተ፤ ጻኦ ጂሺያንግም በ1461 ወገኖቹ ዐምፀው ስለ ተሸነፉ ተገደለ። ዩ ቺየን ንጹሕ መሆኑ ታውቆ ማዕርጉ የተመለሰለት በ1466 በቀጣዩ ንጉሥ ዘመን ነው፤ ልጁም ከግዞት ወጣ። በ1489 ደግሞ የክብር ስም ተሰጠው። ፊልም በሁለት ሰዓት የሚፈጽመውን ፍርድ ታሪክ በዘጠኝ ዓመት ጀምሮ በሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጸመው። ይህም የሆነው በሰይፍ ኃይል አይደለም፤ ያችን የተቆለፈች ክፍል ከፍተው በውስጧ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የመዘገቡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ሹይ ሀርክ በ2011 ወደ ዘንዶ በር ተመልሶ ሌላ ፊልም ሠራ፤ የኪንግ ሁ ፊልምም ታድሶ ዛሬም ይታያል። ወደ ፊት ሦስተኛና አራተኛ አዘጋጅ ማደሪያዋን እንደገና ቢሠራት አያስደንቅም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ አያረጅምና። የዩ ቺየን መቃብር ግን በትውልድ ከተማው በሃንግዡ፣ በምዕራቡ ሐይቅ አጠገብ አለ። ፊልሙን አይቶ የተደነቀ ሰው የሟቹን እውነተኛ ስም ፈልጎ ቢያነብ፣ ሲኒማው ያጎደለውን በራሱ ይሞላዋል።