በአንድ ሃርድ ዲስክ ያለን ፋይል ሳያጠፉ ወደ ሬይድ 1 ማዛወር

ከአሊ አዴና ከሆል ሆል የሚመጡ ወገኖች ወረቀት ስካን የሚያስደርጉት ሆዳን እኔ ጋ ነው። የልደት ካርዱም፣ የትምህርት ማስረጃውም፣ የጥገኝነት ወረቀቱም የተቀመጠው በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። እሱ ከሞተ አለቀ።

ስለዚህ ሬይድ 1 ሠራሁ። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ፋይል ይይዛሉ፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትሠራላችሁ። ሁለቱም ባለ 1 ቴራ ቢሆኑ የምታገኙት 1 ቴራ ብቻ ነው። (ሬይድ 0 የሚሏችሁን አትስሙ፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል።)

ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ለብቻው ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ሊኑክስ ላይ «ኤምዲአድም» በሚባለው ፕሮግራም ሬይዱን በአዲሱ ዲስክ ብቻ ጀምሩ፤ የሁለተኛው ቦታ ለጊዜው «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። አዲሱ ዲስክ ትልቅ ከሆነ ክፍልፋዩን ከአሮጌው እንዳይበልጥ አድርጉ፤ አለበለዚያ አሮጌው አይገባም። ፎርማት አድርጋችሁ ፋይሎቹን ገልብጡ፣ እየከፈታችሁም እዩ። አሮጌውን የምትጨምሩት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሲገባ በላዩ ያለው በሙሉ ይጠፋልና። ማመሳሰሉ ሰዓታት ይፈጃል። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ ከሆነ ግን ሌላም ሥራ አለው።

ውጫዊ ዲስኩን እንዳትጥሉት። እኔ አንድ ፎልደር በስህተት ሳጠፋ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ጠፋ፤ ያገኘሁት ከዚያው ነው።