ፊቱ የተፋቀው ንጉሥ

ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን የሮማ ቄሣሮች ወሬያቸውን ከሕዝብ ኪስ የሚያደርሱት በገንዘብ ነበር። ወርቁና ብሩ የባለጸጋ መቋጠሪያና የወታደር ደመወዝ ሲሆን፣ ነሐሱ ግን ዳቦና ወይን የሚሸመትበት የድሃው ሳንቲም ነው። ፊደል ያልቆጠረውም ሥዕሉን ያነባል። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከወደመች በኋላ ቬስፓሲያን ያስመታው ትልቁ ሳንቲም፣ ሴስተርቲዩስ፣ በአንድ በኩል የንጉሡን ራስ፣ በጀርባው ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታዝን ሴት ያሳያል። ጽሑፉም «ይሁዳ ተማረከች» ይላል። የሰው ሐዘን በገበያ ሲመነዘር ማለት ይህ ነው።

ሥዕል የሚያነግሥ ከሆነ፣ ሥዕል መፋቅም ይሽራል። ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ በ211 ዛሬ ዮርክ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሲሞት ዙፋኑን ለሁለት ልጆቹ፣ ለካራካላና ለጌታ፣ በጋራ ተወ። (ጌታ የሰውዬው ስም ነው፤ ከእኛው ቃል ጋር የሚገጥመው በድምፅ ብቻ ነው።) ዓመቱ ሳያልቅ ካራካላ ታናሽ ወንድሙን በእናታቸው በዩልያ ዶምና እቅፍ ውስጥ አስገደለው። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ፣ ከወገኖቹ ወደ 20,000 ሰዎች እንደተፈጁ፣ ካራካላም የሟቹን መልክ የያዘውን ገንዘብ እንዳቀለጠ ጽፏል።

በትንሹ እስያ፣ በዛሬዪቱ ቱርክ፣ ስትራቶኒቅያ የምትባል ከተማ ሁለቱን ወንድማማቾች ፊት ለፊት ያደረገ የነሐስ ሳንቲም አስመትታ ነበር። አዋጁ ሲደርስ ሳንቲሙ አልቀለጠም፤ ኪሳራውን ፈርተው ይመስለኛል። በመሮ የጌታን ፊት ፋቁና መልሰው ገበያ አወጡት። በሳንቲሙ ላይ ካራካላ እስከ ዛሬ ባዶ ቦታ እያየ ቆሟል።

ወላጆቻችን የጃንሆይ ምስል ያለበት ብር በ1969 ዓ.ም. ሲለወጥ አይተዋልና ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

ካራካላ ራሱ በ217 ከገዛ ዘቦቹ በአንዱ ተገደለ። የጌታ ሳንቲሞች ግን ሁሉም አልጠፉም፤ ዛሬም በየሙዚየሙ ሞልተዋል። ጀርመን ያላችሁ ወገኖች በርሊን ቤተ መዘክር ያለውን፣ ከግብጽ የተገኘ ክብ የእንጨት ሥዕል ታውቁት ይሆናል፦ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። የአንደኛው ልጅ ፊት ተፍቋል። ልብሱ ግን አለ።