የድንበር ብይን እንዴት ተፈጻሚ ይሆናል? የባካሲ ተሞክሮ

ካሜሩንና ናይጄሪያ ከቻድ ሐይቅ እስከ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚዘልቅ፣ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ድንበር ይጋራሉ። ሁለቱን አገሮች ለዓመታት ካወዛገቧቸው ቦታዎች ዋነኛው በዓሣ ሀብቱ የሚታወቀው የባካሲ ባሕረ ገብ መሬት ነበር።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገራት እ.አ.አ. በሐምሌ 1964 ካይሮ ላይ ባሳለፉት ውሳኔ፣ ነፃነታቸውን ሲቀዳጁ የነበረውን ድንበር ለማክበር ቃል ገብተዋል። ይህ መርሕ አዲስ የድንበር ጥያቄዎችን ለመግታት ቢረዳም፣ መስመሩ በትክክል የት እንደሚያልፍ ግን አይናገርም። መልሱ የሚፈለገው ቅኝ ገዥዎች ከተዋዋሏቸው ሰነዶች ነው።

ካሜሩን በ1994 ጉዳዩን ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አቀረበች። ናይጄሪያ በበኩሏ ባካሲ የጥንታዊው ካላባር ነገሥታትና አለቆች ይዞታ እንደነበረና ብሪታኒያ አሳልፋ የመስጠት ሥልጣን እንዳልነበራት ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ሳይቀበል፣ ብሪታኒያና ጀርመን በ1913 በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ጥቅምት 10 ቀን 2002 ባካሲን ለካሜሩን ወሰነ።

ብይኑን ተፈጻሚ ማድረግ ሌላ ሥራ ነበር። በፕሬዚዳንት ፖል ቢያና በፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ጥያቄ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን የሁለቱን አገሮች የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሰኔ 12 ቀን 2006 የተፈረመው የግሪንትሪ ስምምነት የናይጄሪያ ጦር የሚወጣበትን ጊዜ የወሰነ ሲሆን፣ ነዋሪዎች ተገድደው እንዳይፈናቀሉ ወይም ዜግነታቸውን እንዳይቀይሩም ደነገገ። ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ዩናይትድ ስቴትስ በምስክርነት ፈረሙ። የናይጄሪያ ሴኔት ቢቃወምም፣ ርክክቡ ነሐሴ 14 ቀን 2008 ተጠናቀቀ።

በዚያው በ2002 ሚያዝያ የኢትዮጵያና ኤርትራ የድንበር ኮሚሽንም ውሳኔውን አሳውቆ ነበር። በአልጀርሱ ስምምነት ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ቢሆንም፣ ባድመ ለኤርትራ መወሰኗን ኢትዮጵያ ተቃወመች፤ ኤርትራም ውሳኔው ያለ ድርድር እንዲፈጸም ጠየቀች። ኮሚሽኑ በ2007 ድንበሩን በካርታ ላይ ነጥቦች ብቻ አመልክቶ፣ በመሬት ላይ ማካለሉን ሳይፈጽም ሥራውን አበቃ። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል ያስታወቀችው በ2018 ነው።

ሁለቱም ጉዳዮች የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችን መሠረት አድርገው በሕግ ተዳኝተዋል። የለያቸው ከብይኑ በኋላ የተከተሉት መንገድ ነው። ካሜሩንና ናይጄሪያ የሚነጋገሩበት የጋራ መድረክ፣ የጊዜ ገደብና የውጭ ታዛቢ ነበራቸው።

ያም ሆኖ ባካሲ ለሁሉም መልካም ፍጻሜ አልነበረም። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ናይጄሪያውያን ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። ብዙዎች መሬቱ ለካሜሩን ሲተላለፍ ወደ ናይጄሪያ ሄደው የመኖሪያና የመተዳደሪያ ችግር ገጥሟቸዋል። መንግሥታት መስመሩን ሲቀበሉ ውዝግቡ ይዘጋል፤ በመስመሩ ላይ ለሚኖረው ሰው ግን የትኛው ሕግ እንደሚጠብቀውና ኑሮውን በምን እንደሚመራ ገና መልስ ይፈልጋል።