የአየር ብናኝ የመሬት ላይ መለኪያ መሣሪያዎች ንጽጽር፤ ለቢቸና፣ ለሞጣና ለመሰል የደጋ ከተሞች

በአየር ውስጥ ተንሳፍፈው የሚገኙ ጠጣርና ፈሳሽ ቅንጣቶች በሳይንሱ አጠራር ኤሮሶል ይባላሉ። የማገዶና የኩበት ጭስ፣ ከጥርጊያ መንገድና ከውድማ የሚነሣ አቧራ እንዲሁም የተሽከርካሪ ጥቀርሻ በዚህ ይጠቃለላሉ። ከእነዚህ መካከል ዲያሜትራቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጡት (ፒ ኤም 2.5) ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ስለሚዘልቁ ለጤና ይበልጥ አሳሳቢ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ቅንጣቶች ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ ከተማ ከዚህ መጠን በላይ ነው ወይስ በታች ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ ግን እንደ መሣሪያው ዓይነት ሊለያይ ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች

1. የማጣሪያ ሚዛን ዘዴ፦ የታወቀ መጠን ያለው አየር በማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ የተያዘው ብናኝ በላቦራቶሪ ይመዘናል። ሌሎች መሣሪያዎች የሚመሳከሩት በዚህ ዘዴ ነው። ማጣሪያው ተመርምሮ ብናኙ ከአፈር ወይም ከጭስ የመጣ መሆኑንም መለየት ይቻላል። ይሁንና ውጤቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሰዓት በሰዓት ለውጥም አያሳይም።

2. የቤታ ጨረር መለኪያ፦ በማጣሪያ ጥብጣብ ላይ የተከማቸው ብናኝ ጨረሩን በምን ያህል እንደቀነሰው በማስላት በየሰዓቱ ውጤት ይሰጣል። አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍተኛ ሲሆን የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

3. አነስተኛ ዋጋ ያለው የብርሃን ዳሳሽ፦ ቅንጣቶች የሚበትኑትን የሌዘር ብርሃን በመለካት ክብደታቸውን ይገምታል። በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሥራት ይችላል። ሆኖም ቅንጣቶች እርጥበት ሲስቡ ስለሚያብጡ በክረምቱ ጉም ወቅት ከእውነታው በላይ ሊያነብ፣ በበጋ ደግሞ ሸካራውን የመንገድ አቧራ አሳንሶ ሊያይ ይችላል።

4. የፀሐይ ፎቶሜትር፦ የፀሐይ ብርሃን ከባቢ አየርን አቋርጦ ሲመጣ በብናኝ ምክንያት የሚቀንሰውን መጠን ይለካል። የሳተላይት መረጃን ለማረጋገጥ ተመራጭ ነው። ውጤቱ ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን የአየር ዓምድ እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ብቻ አይመለከትም። በደመናማ ቀንና በሌሊትም አይሠራም።

የከፍታ ጉዳይ

ሁለቱም የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለሆነም አንድ ልኬት በአካባቢው ግፊት ሲሰላና ወደ መደበኛ ግፊት ሲቀየር በውጤቱ መካከል 30 በመቶ ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። ማንኛውም ሪፖርት ስሌቱ በየትኛው እንደተሠራ መግለጽ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ የሚገኝ ትምህርት

በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የፒ ኤም 2.5 መረጃ በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያደርስ ቆይቷል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን የአየር ጥራት መረጃ ማሰራጨት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አቁሟል። ይህም በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መመሥረት የሚያስከትለውን ክፍተት ያመለክታል።

ለከተማ አስተዳደሮች የሚመከር አሠራር

ለአነስተኛ ከተሞች ተመራጩ መንገድ መሣሪያዎቹን አቀናጅቶ መጠቀም ነው። በገበያ፣ በመናኸሪያና በመኖሪያ ሰፈር ጥቂት ዳሳሾች ይተከላሉ፤ ከእነዚህ አንዱ በበጋም በክረምትም ከማጣሪያ ናሙና መሰብሰቢያ ጎን ሆኖ ይመሳከራል። የአዲስ አበባ የማስተካከያ ስሌት እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ የተሽከርካሪ ጥቀርሻ ብርሃንን የሚበትንበት መንገድ ከኩበት ጭስ ይለያልና። በተጨማሪም በማብሰያ ቤት ውስጥ ያለው ጭስ ደጅ በተተከለ መሣሪያ ስለማይታወቅ፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ተጋላጭነት ለማወቅ በቤት ውስጥ ለብቻው መለካት ያስፈልጋል።