የወይራ ዘይትና ጣዖት የተባሉት ድንጋዮች



በቆቦ ልጆቻችን የቁርኣንን የአማርኛ ትርጉም ሲያነቡ «ወይራ» የሚለው ቃል ይገጥማቸዋል። ሱረቱ ኑር ስለ ተባረከችው ዛፍና ስለ ዘይቷ ይነግረናል፤ በሱረቱ ቲን አላህ በበለስና በወይራ ይምላል። ልጆቹም «ታዲያ የእኛ ወይራ ለምን ዘይት አይወጣውም?» ይሉናል። እውነትም በራያ ወይራን የምናውቀው የወተት ዕቃ ሲታጠንበትና ጥርስ ሲፋቅበት ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። የእኛ ወይራና የሻም ወይራ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛው ግን ዱር በቀል ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ነው። የሻምን ወይራ ገበሬዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት እየመረጡና እያዳቀሉ ፍሬውን አወፈሩት። ዘይቱ ያለው ደግሞ በሥጋው ውስጥ ነው።

በሮማውያን ዘመን ይህ ዘይት ምግብም፣ የመብራት ነዳጅም፣ የገላ ቅባትም ነበር። በገጠር ፍሬው በድንጋይ ወፍጮ ይደቅና በጠፍጣፋ ቅርጫቶች ተደርጎ ይደራረባል። በላዩ ረጅም ግንድ ይጋደማል። የግንዱ አንድ ጫፍ በሁለት የቆሙ ድንጋዮች መካከል ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ በከባድ ድንጋይ ወደ ታች ይሳባል። ጭማቂው በቦይ ወርዶ ገንዳ ውስጥ ሲረጋ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ኑግ ቆልተው፣ ወቅጠውና በሙቅ ውሃ ለውሰው ዘይቱን ከላይ የሚቀዱ እናቶቻችን ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻቸውም።

በሊቢያ ተርሁና በተባለው አገር እነዚያ የቆሙ ድንጋዮች ዛሬም አሉ። ግንዱ በስብሶ ጠፋ፣ ድንጋዩ ብቻውን ቀረ። የአገሬው ሰው «ሰነም» ማለትም ጣዖት አላቸው። ካውፐር የተባለ እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንት አምልኮ ቦታዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አጥኚዎች ቀዳዳዎቹን፣ ቦዮቹንና ገንዳዎቹን መርምረው የዘይት መጭመቂያ መሆናቸውን አረጋገጡ። ሰነም ሰማና በተባለው ስፍራ ብቻ 17 መጭመቂያዎች ነበሩ። ጣዖት የተባለው የገበሬ የላብ ዕቃ ሆኖ ተገኘ!

ያ ዘይት ወደ እኛም ቀርቦ ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው ፔሪፕለስ፣ የአክሱም ወደብ በነበረችው አዱሊስ የወይራ ዘይት ይገባ እንደነበር፣ መጠኑ ግን ብዙ እንዳልነበረ ይገልጻል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ምን እንማራለን? ሳያጣሩ ስም መስጠት የሰውን ታሪክ ያጠፋል። በእርሻችን የተጠረበ ድንጋይ፣ አሮጌ ወፍጮ ወይም የድንጋይ ገንዳ ስናገኝ ለአጥርና ለመሠረት ከመስበራችን በፊት አዛውንቶችን እንጠይቅ፤ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤትም እናሳውቅ። እናቶቻችን ኑግ የሚያወጡበትን ዘዴም በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንያዝ። ድንጋዩ ሺህ ዓመት ይጠብቀናል፤ እናት ግን አትጠብቀንም።